ባለ ሁለት እርከን መገናኛ ጣቢያ

ትምህርት አሥራ ሁለት

ይህ ትምህርት አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ ስለ ባቡር መገናኛ ጣቢያ የቀረበውን ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎ የቃላትን ፍች ታጠናላችሁ፤ ጥያቄዎችንም ትመልሳላችሁ። በሦስተኛው ክፍል ቦታንና አቅጣጫን የሚያመለክቱ መስተዋድዶችን ትማራላችሁ። በመጨረሻም የተማራችሁትን መሠረት በማድረግ ገላጭ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ የእያንዳንዱን አንቀጽ ፍሬ ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር በደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርሳል። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያም በስሪንቃ አድርጎ ወልድያ ይገባል። ወልድያ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ቆቦን፣ አላማጣንና ማይጨውን እያቋረጠ ወደ መቀሌ ይዘልቃል። ሁለተኛው ወደ ምዕራብ ታጥፎ የድልብን ዳገት ይወጣና በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ይደርሳል። ስለዚህ ከመርሳ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ወልድያ መናኸሪያ ወርዶ ሌላ መኪና ይፈልጋል። ጓዙን ያወርዳል፤ ይጠይቃል፤ ይጠብቃል፤ ከዚያም እንደገና ይሳፈራል። እንዲህ ያለው ሥፍራ መገናኛ ይባላል።

መገናኛ የሆነ ከተማ ከመንገዱ ብዙ ጥቅም ያገኛል። የደጋው ገብስና በግ፣ የቆላው ማሽላና ፍራፍሬ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ሆቴል ቤቱ፣ ጋራዡና መጋዘኑ የሚኖሩት በሚያልፈውና በሚያገድመው ሰው ነው። ለመንገደኛው ግን መገናኛ ቦታ የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል ነው። በመኪናው ውስጥ ሳለ የሚደክመው መኪናው ነው፤ መኪና በሚለውጥበት ሥፍራ የሚደክመው እርሱ ራሱ ነው። ዕቃው የሚጠፋበት፣ ጊዜው የሚባክንበት፣ አቅጣጫው የሚሳሳትበትም ሥፍራ ይኸው ነው። ለምድር ባቡርም ይህ እውነት አይለወጥም።

ሁለት የባቡር መስመሮች በአንድ ሜዳ ላይ ቢቋረጡ ምን ይሆናል? የመኪና መንገዶች ሲቋረጡ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ቆም ይላል፤ ግራ ቀኙን አይቶ ያልፋል። ባቡር ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። የባቡር መንኮራኩር ብረት ነው፤ ሐዲዱም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው አነስተኛ ስለሆነ ባቡር በጥቂት ኃይል ከባድ ጭነት ይስባል። ዳሩ ግን ያው የሰበቃ ማነስ ባቡሩ በቶሎ እንዳይቆም ያደርገዋል። በፍጥነት የሚጓዝ ከባድ ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ብዙ መቶ ሜትር ተንሸራትቶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከመቋረጫው ርቀው የምልክት መብራቶች ይተከላሉ። አንዱ ባቡር እስኪያልፍ ድረስ ሌላው ሩቅ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህን በቍጥር እንመልከት። 600 ሜትር ርዝመት ያለው የጭነት ባቡር በሴኮንድ 10 ሜትር እየተጓዘ መቋረጫውን ያልፋል እንበል። ፊቱ መቋረጫውን ከረገጠበት ጊዜ አንሥቶ ጅራቱ እስኪወጣ ድረስ 60 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ያስፈልገዋል። አንድ ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ምልክቱ የሚለወጥበት፣ የቆመው ባቡር እንደገና ተነሥቶ ፍጥነት የሚያገኝበት ጊዜ ሲታከልበት ብዙ ደቂቃ ይሆናል። በቀን ብዙ ባቡር በሚመላለስበት ሥፍራ የአንዱ መስመር መዘግየት ወደ ሌላው ይተላለፋል። የሁለቱም መስመር መንገደኞች ዘግይተው ይገባሉ።

ለዚህ ችግር መሐንዲሶች ያገኙት መፍትሔ ሁለቱን መስመሮች በከፍታ መለየት ነው። አንደኛው ሐዲድ በድልድይ ላይ ይዘረጋል፤ ሁለተኛው ከድልድዩ ሥር ያልፋል። በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ለሁለቱም መሳፈሪያ ሲሠራላቸው ባለ ሁለት እርከን መገናኛ ጣቢያ ይሆናል። በላይኛው መድረክ ላይ የሚቆመው ባቡርና በታችኛው መድረክ ላይ የሚቆመው ባቡር አይጠባበቁም፤ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይመጣል፤ በራሱ ሰዓት ይሄዳል።

የእንግሊዝ አገር የታምወርዝ ጣቢያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታምወርዝ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ሁለት ዋና ዋና መስመሮች ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚያ ተዘርግተው እንደ መስቀል ይተላለፋሉ። ከለንደን ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው በታች፣ ከበርሚንግሃም ወደ ደርቢ የሚሄደው በላይ ያልፋል። በዚያ ዘመን የፖስታ ከረጢቶች ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሌሊት ሌሊት ይሸጋገሩ ነበር። በጀርመን አገር ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የተከፈተው የበርሊን ዋና ባቡር ጣቢያ አለ። በዚህ ጣቢያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ባቡሮች ከመንገዱ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ያልፋሉ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት ደግሞ ከመንገዱ 15 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው በመሬት ውስጥ ይጓዛሉ። ላይኛው እርከን 6፣ ታችኛው 8 ሐዲዶች አሉት።

እንዲህ ያለው ጣቢያ ዋጋ ያስከፍላል። ባቡር ዳገት አይወድም። ሐዲዱ በየ1,000 ሜትሩ ከ10 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ቢወሰንና ድልድዩ 8 ሜትር ከፍታ ቢያስፈልገው፣ ባቡሩ ወደ ድልድዩ ለመውጣት 800 ሜትር ተዳፋት ይፈልጋል። ለመውረድም እንዲሁ ሌላ 800 ሜትር ይሠራለታል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከሐዲዱ በላይ ሽቦ ስለሚዘረጋ ድልድዩ የበለጠ ከፍ ማለት አለበት። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ሐዲዶች በከፍታ ከተለያዩ የአንዱ መስመር ፉርጎ ወደ ሌላው ሊገባ አይችልም። ፉርጎው እንዲሻገር ከተፈለገ ሁለቱን የሚያያይዝ ጥምዝ ሐዲድ ከጣቢያው ውጭ ይሠራል።

ትልቁ ዋጋ ግን ሌላ ነው። ባቡሮቹን ያለያየው ከፍታ መንገደኞቹንም ያለያያል። በአንድ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ባቡር የሚለውጠው ሰው አሁን ደረጃ መውጣትና መውረድ አለበት። ለጕልማሳ ይህ ቀላል ነው። ልጅ ላዘለች እናት፣ ምርኩዝ ለያዘ አረጋዊ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ያ ደረጃ እንደ ግንብ አጥር ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ መገናኛ ጣቢያ ደረጃ ብቻ ሳይሆን አሳንሰርና ለስላሳ ተዳፋት መንገድ ይኖረዋል። የአቅጣጫ ጽሑፎቹ ከሩቅ የሚነበቡ ናቸው። ለባቡሩ የተመቸው ሁሉ ለመንገደኛው እንዳይከብድ ይታሰብበታል።

ከድንጋዩና ከብረቱ ሌላ የጊዜ ሰሌዳም አለ። ላይኛው ባቡር ከጧቱ 4 ሰዓት ደርሶ ታችኛው ባቡር 4 ሰዓት ከ15 ቢነሣ መንገደኛው ያለ ጭንቀት ወርዶ ይሳፈራል። ታችኛው ባቡር 3 ሰዓት ከ55 ተነሥቶ ከሆነና ሌላ ባቡር እስከ ማግሥቱ ከሌለ ግን የአምስት ደቂቃ ልዩነት ሰውን ጣቢያ ያሳድራል። ጣቢያው በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ፈስሶበት ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱን መስመሮች ሰዓት የሚያስማማ ሰው ከሌለ ግን መገናኛ ተብሎ መለያያ ይሆናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባቡር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። የሐረር ተራራ ግን ለባቡሩ ስለከበደው መስመሩ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ አለፈ። በዚያም ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተቈረቈረች። የሐረር ሰው ወደ ባቡሩ መውረድ፣ ከባቡሩም ዕቃውን አስጭኖ ወደ ሐረር መውጣት ግድ ሆነበት። በዚህ ዐይነት ሐረርና ድሬዳዋ አንድ ላይ ሆነው እንደ አንድ ትልቅ ባለ ሁለት እርከን መገናኛ ሠሩ ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባ የቀላል ባቡር አገልግሎት መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲጀመር ሌላ ዐይነት መፍትሔ ታየ። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው መስመር እንዲተላለፉ አልተደረገም። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በድልድይ ላይ በተዘረጋ አንድ ሐዲድ በጋራ እንዲጠቀሙ ተደረገ። በዚህ ዘዴ መንገደኛው ደረጃ ሳይወጣና ሳይወርድ ከወረደበት መድረክ ላይ ሌላውን ባቡር ይጠብቃል። ባቡሮቹ ግን በጋራው ክፍል ተራ መጠባበቅ አለባቸው። እንግዲህ በታምወርዝ የሚደክመው መንገደኛው፣ በለገሃር የሚጠብቀው ባቡሩ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማሳረፍ አስቸጋሪ ነው።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ። የአሮጌው መስመር የሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ከዚህ የምንረዳው ሐዲዶች ጎን ለጎን በአንድ ሜዳ ላይ ቢዘረጉም ስፋታቸው ካልተስማማ እንደማይገናኙ ነው።

ከዚህ አዲስ መስመር አዋሽ ላይ የሚገናኝ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሰሜን ወሎ የሚዘልቅ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሌላ መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ሥራውን የያዘው ያፒ መርኬዚ የተባለ የቱርክ ድርጅት ነው። የመስመሩ መድረሻ ከወልድያ ብዙም የማይርቀው ሀራ ገበያ ነው። በዚያው ዓመት ከመቀሌ ተነሥቶ ሀራ ገበያ የሚደርስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መስመር በአንድ የቻይና ድርጅት ተጀመረ። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ደግሞ ከወረታ በወልድያና በሰመራ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወሰን የሚደርስ ሦስተኛ መስመር ታስቦ ነበር። በዚህ ዕቅድ መሠረት የሰሜኑ፣ የደቡቡ፣ የምሥራቁና የምዕራቡ ሐዲድ ሁሉ የሚገናኘው በዚሁ አካባቢ ነው።

ሥራው እንደ ታሰበው አልተፈጸመም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰሜን ወሎ ደርሶ ሕዝቡን አፈናቀለ፤ በባቡሩ ሥራም ላይ ጉዳት አደረሰ። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በእነዚህ መስመሮች መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት አልተጀመረም። የሐብሩ ገበሬ የመርሳን ማንጎ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሚሄድ የጭነት መኪና ነበር። ማንጎ ደግሞ መንገድ ላይ የሚቆይ ፍሬ አይደለም። እያንዳንዱ የመዘግየት ሰዓት ከገበሬው ድካም ላይ የሚቀነስ ነው።

መስመሩ አንድ ቀን ሥራ ሲጀምር ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው የሐዲዶቹ ነው። ከአዋሽና ከመቀሌ የሚመጡት ሐዲዶች ጫፍ ለጫፍ ስለሚገናኙ ባቡሩ ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መስመር ሲታከልባቸው ግን በአንድ ሜዳ ይቋረጡ ወይስ በሁለት እርከን ይተላለፉ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ሁለተኛው ጥያቄ የሰዎቹ ነው። ወልድያ በተራራ ግርጌ የተሠራች ከተማ ናት፤ ሀራ ገበያ ከእርሷ በስተ ምሥራቅ ዝቅ ባለው አገር ይገኛል። ጣቢያው በአንዱ እርከን፣ ከተማው በሌላው እርከን ነው። የመርሳ ማንጎም ሆነ የወልድያ መንገደኛ ጣቢያው የሚደርሰው በመኪና መንገድ ነው። ያ መንገድ ጥሩ ካልሆነ፣ የአውቶቡሱ ሰዓት ከባቡሩ ሰዓት ጋር ካልተስማማ፣ ፍሬው የሚቆይበት ጥላና ቀዝቃዛ መጋዘን ካልተሠራ የ390 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይሸነፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ የመስመር ኃይል ያለው በቋጠሮው ላይ ነው።

ለ. የቃላት ፍች

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ፈልጉ። የተሰጠው ፍች ከዐረፍተ ነገሩ ጋር መስማማቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ቃል የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

እርከን፦ በከፍታ የተለየ ደረጃ፤ በተዳፋት መሬት ላይ አፈር እንዳይሸረሸር የሚሠራ ካብም እርከን ይባላል።
ሐዲድ፦ ባቡር የሚሄድበት የብረት መንገድ።
ሰበቃ፦ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ እንቅስቃሴን የሚይዝ ኃይል።
ተዳፋት፦ ቀስ በቀስ እየወጣ ወይም እየወረደ የሚሄድ መሬት።
ፉርጎ፦ በባቡር ሞተር የሚሳብ የጭነት ወይም የመንገደኛ ሠረገላ።
ጥምዝ፦ ቀጥ ብሎ የማይሄድ፣ የዞረ።
ለገሃር፦ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ የሠፈር ስም ሆኗል።
የጊዜ ሰሌዳ፦ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የተጻፈበት ዝርዝር።

ሐ. ጥያቄዎች

1. መገናኛ ቦታ ለከተማው ጥቅም፣ ለመንገደኛው ድካም የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. ባቡር ከባድ ጭነት በጥቂት ኃይል እንዲስብ ያደረገው ምክንያት በቶሎ እንዳይቆምም አድርጎታል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?
3. ድልድዩ 8 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 12 ሜትር ቢሆን፣ በምንባቡ በተሰጠው ልክ የመውጫው ተዳፋት ርዝመት ስንት ይሆናል?
4. የታምወርዝንና የአዲስ አበባን መፍትሔ አነጻጽሩ። እያንዳንዱ ማንን ያሳርፋል? ማንንስ ያደክማል?
5. ጸሐፊው ሐረርንና ድሬዳዋን ከባለ ሁለት እርከን ጣቢያ ጋር ያመሳሰለው ለምንድን ነው? ንጽጽሩ ከወልድያና ከሀራ ገበያ ጋር እንዴት ይያያዛል?
6. «የመስመር ኃይል ያለው በቋጠሮው ላይ ነው» የሚለውን ሐሳብ ትስማሙበታላችሁ? ምክንያታችሁን በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

መ. ሰዋስው፦ ቦታንና አቅጣጫን የሚያመለክቱ መስተዋድዶች

መስተዋድድ ስምን ከግሥ ወይም ከሌላ ስም ጋር የሚያያይዝ ቃል ነው። ብቻውን ቢቆም ሙሉ ትርጉም አይሰጥም። ነገር ግን አንድ መስተዋድድ ሲለወጥ የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

1. ባቡሩ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ።
2. ባቡሩ እስከ ኮምቦልቻ ሄደ።
3. ባቡሩ ከኮምቦልቻ ሄደ።
4. ባቡሩ በኮምቦልቻ በኩል ሄደ።

በ4ቱ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ባቡሩም፣ ከተማውም፣ ግሡም አንድ ናቸው። በመጀመሪያው «ወደ» አቅጣጫን ብቻ ያሳያል፤ ባቡሩ ይድረስ አይድረስ አልተነገረም። በሁለተኛው «እስከ» የጉዞውን ፍጻሜ ያሳያል። በሦስተኛው «ከ» መነሻን ያመለክታል። በአራተኛው «በ» ከ«በኩል» ጋር ሆኖ ማለፊያን ያሳያል። ወደ ሀራ ገበያ የሚሄድ መንገደኛ በሁለተኛው ባቡር ቢሳፈር መንገድ ላይ ይቀራል፤ በአራተኛው ቢሳፈር ግን ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ማስተዋል የሚገባን «በ ... ላይ» እና «ከ ... በላይ» የሚባሉት ልዩነት ነው።

ባቡሩ በድልድዩ ላይ ቆሟል።
ሽቦው ከድልድዩ በላይ ተዘርግቷል።

በመጀመሪያው ባቡሩ ድልድዩን ረግጦታል። በሁለተኛው በሽቦውና በድልድዩ መካከል ባዶ ቦታ አለ። እንደዚሁም «ከ100 በላይ መንገደኞች» ስንል 100 ራሱ አይቈጠርም፤ ቢያንስ 101 ናቸው ማለታችን ነው። «ከ100 ያላነሱ» ስንል ግን 100ም ይገባበታል።

ሦስተኛ፣ «በ»፣ «ከ» እና «ለ» ከሚከተላቸው ቃል ጋር ተያይዘው ይጻፋሉ። ስሙ ቅጽል ካለው የሚያያዙት ከስሙ ጋር ሳይሆን ከቅጽሉ ጋር ነው፤ «በላይኛው መድረክ» እንላለን እንጂ «ላይኛው በመድረክ» አንልም። ከስሙ በፊት ዘርፍ ሐረግ ቢመጣም መስተዋድዱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ «ከአዋሽ በመጣው ባቡር ውስጥ» በሚለው ሐረግ «በ» የባቡሩ ሆኖ ሳለ «መጣው» ላይ ገብቷል።

መልመጃ አንድ። በባዶው ቦታ ተገቢውን መስተዋድድ አስገቡ።

1. የመርሳ ገበሬዎች ማንጎውን ...... ወልድያ ገበያ ወሰዱት።
2. ሐዲዱ ...... አዋሽ ተነሥቶ ...... ሀራ ገበያ ይደርሳል።
3. አረጋዊው ...... ታችኛው መድረክ ...... ላይኛው መድረክ በአሳንሰር ወጡ።
4. የወረታው መንገድ ...... ጋሸና በኩል ያልፋል።

መልመጃ ሁለት። በአንድ መገናኛ ጣቢያ የሚከተለው ማስታወቂያ ተለጥፏል እንበል። «ከመቀሌ የሚሄዱ መንገደኞች ከላይኛው መድረክ በታች ይጠብቁ።» ጸሐፊው ሊናገር የፈለገው መቀሌ ለመድረስ የሚሹ መንገደኞች በላይኛው መድረክ እንዲቆሙ ነው። በመጀመሪያ ማስታወቂያው እንደ ተጻፈ ቢወሰድ በመንገደኞቹ ላይ ምን እንደሚደርስ ግለጹ። ቀጥሎም ማስታወቂያውን አርማችሁ ጻፉ።

ሠ. ድርሰት፦ ገላጭ ድርሰት

ተራኪ ድርሰት ምን እንደ ተደረገ ይነግራል። ስዕላዊ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሚመስል ያሳያል። ገላጭ ድርሰት ደግሞ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ያስረዳል። ያነበባችሁት ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ስትጽፉ የሚከተሉትን አስተውሉ።

1. አንባቢው ከሚያውቀው ነገር ተነሡ። ምንባቡ ስለ ባቡር ለማስረዳት የጀመረው ከወልድያ መናኸሪያ ነው።
2. ችግሩን ከመፍትሔው አስቀድሙ። አንባቢ ችግሩን ሳይረዳ የመፍትሔው ጥቅም አይታየውም።
3. «በጣም ብዙ» እና «እጅግ ትልቅ» ከማለት ይልቅ ልኩን በቍጥር ተናገሩ። የምታውቁት ልክ ከሌለ «እንበል» ብላችሁ በምሳሌ አስረዱ፤ ምሳሌውን ግን እንደ እውነተኛ ማስረጃ አታቅርቡት።
4. የአንድን ነገር ጥቅም ስትናገሩ የሚያስከፍለውንም ዋጋ ተናገሩ። ጥቅሙ ብቻ የተጻፈለት ነገር ማስታወቂያ እንጂ ማብራሪያ አይሆንም።
5. እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል ይኑረው። ከኃይለ ቃሉ ጋር የማይዛመድ ዐረፍተ ነገር ቢያምርም ይውጣ።

ለምሳሌ ያህል ቀጥሎ የቀረበውን አንቀጽ ተመልከቱ።

የመናኸሪያ ሥራ መኪና ማቆም ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው ከአንድ አቅጣጫ የመጣውን ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ማሳለፍ ነው። ይህም እንዲሆን የመድረሻው ስም በየመኪናው ፊት በጉልህ መጻፍ አለበት። ከሩቅ ገጠር የመጣ ሰው ማንበብ ባይችል የሚጠይቀው የታወቀ ሠራተኛ በበሩ ላይ ሊኖር ይገባል። እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ መንገደኛው አቅጣጫውን የሚያገኘው በጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም እኩል ያሰማል።

የዚህ አንቀጽ ኃይለ ቃል የትኛው ነው? የቀሩት ዐረፍተ ነገሮች እንዴት ይደግፉታል? በአንቀጹ ውስጥ ያሉትን መስተዋድዶችስ ለይታችሁ ልታወጡ ትችላላችሁ?

የጽሑፍ ሥራ። ከሚከተሉት አርእስት አንዱን መርጣችሁ ከ3 አንቀጾች ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።

ሀ) የከተማችን መናኸሪያ እንዴት እንደሚሠራ
ለ) የደጋና የቆላ ምርት የሚገናኝበት ገበያ
ሐ) በአካባቢያችን የሚገኝ ድልድይ ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ

ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ሥፍራው ሄዳችሁ ተመልከቱ። አንድ አረጋዊ ወይም ጓዝ የያዘች እናት ከመግቢያው እስከ መሳፈሪያው ድረስ በየት በኩል እንደሚያልፉ፣ የት እንደሚቆሙ፣ ማንን እንደሚጠይቁ አስተውሉ። ያያችሁትን በማስታወሻ ከያዛችሁ በኋላ ቅደም ተከተሉን አበጁ። ድርሰቱን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡና ሥፍራውን የማያውቅ ሰው በጽሑፉ ብቻ ተመርቶ ሊሳፈር ይችል እንደሆነ ተራረሙ።